ዛፉ ቢጠፋም ምስሉ ውኃው ላይ ቀርቷል

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይሄን አንብበው፣ የአንተ ነገር ነው» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። በዛፍ መካከል ያሉ ጥንታዊ ሕንፃዎችን እንዴት ፎቶ እንደምናነሳና እንዴት ኤዲት እንደምናደርግ የሚመክር ነው። ጸሐፊው ልምድ ያላቸው ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ዛፍ ሕንፃ ይሸፍናል፤ ከፍሬም ይውጣ፣ ካልወጣ በኤዲት ይጥፋ። ሰፊ እይታ በሚይዝ ሌንስ ጠጋ ብላችሁ ሕንፃውን በሙሉ አስገቡ፤ ቢጣመም በኋላ ይቃናል። ከማለዳና ከአመሻሽ ብርሃን ውጪ ካሜራ አታውጡ። ኤዲት ስታደርጉ አረንጓዴውን አድምቁ፣ ድንጋዩን አጉሉ፣ ሰማዩ ከገረጣ በሌላ ተኩት። ይህ ሁሉ ቅርሳችን አምሮ እንዲታይና ጎብኚ እንዲመጣ ነው።

ሐሳባቸው ቅን ነው። እኔም ቅርሳችን አምሮ ቢታይ ደስ ይለኛል። ምክሩ ግን ወደዚያ የሚያደርስ አልመሰለኝም። ለዚህም አብሮ የወጣውን ፎቶ ማየት ይበቃል።

ፎቶው የጎንደሩ የአፄ ፋሲል መዋኛ ነው። ገንዳው በውኃ ተሞልቷል፤ ከቀሃ ወንዝ ውኃ በሚገባበት የጥምቀት ሰሞን የተነሳ መሆን አለበት። መሃል ላይ ሕንፃው ቆሟል። በግራ በኩል ያለው የድንጋይ አጥር ባዶውን ነው፤ አንድም ዛፍ የለበትም። ውኃው ላይ ግን ዛፉ አለ። ቅርንጫፉም ቅጠሉም በነጸብራቁ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከላይ ያለው ሲጠፋ የታችኛው ተረስቷል።

ይህን የማነሳው ለማሳጣት አይደለም። ማንም ሊስተው የሚችል ነገር ነው። እኔ ግን ጎንደር ነው ያደግሁት። ያንን ዛፍ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እንግዲህ ዛፍ ሕንፃ ይሸፍናል ከሚለው ልጀምር። መዋኛው ጋ የሄደ ሰው ያውቀዋል። የዋርካና የሾላ ወገን የሆኑ ትላልቅ ዛፎች አጥሩ ላይ በቅለዋል። ሥራቸው መሬት ውስጥ አልተደበቀም። ከአጥሩ አናት ተነስቶ በድንጋዩ ፊት ላይ ወደ ታች ይወርዳል። አንዳንዱ የሰው ጭን ያህል ወፍራም ነው፤ አንዳንዱ እንደ ጣት ቀጥኖ በሁለት ድንጋዮች መሃል ገብቶ ይጠፋል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ሥሩ የድንጋዩን ቅርጽ ይዟል። ድንጋዩ ሲያብጥ ያብጣል፣ ሲጎደጉድ ይጎደጉዳል። አመድማ ቆዳው ከኖራው ቀለም ጋር ስለሚመሳሰል በጥላ ሰዓት የትኛው ሥር የትኛው ግንብ እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ይወስዳል።

ታዲያ ይህ ሸፈነ ይባላል? እኔ ገለጠ ነው የምለው። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ይህን ያህል ዘመን ማለፉን ባዶ ድንጋይ ብቻውን አይነግረንም። ትናንት የተገነባ የሆቴል አጥርም በዘመናዊ ድንጋይ ጠራቢ እጅ ያንን መልክ ሊይዝ ይችላል። ድንጋዩን አቅፎ የያዘውን ሥር ስታይ ግን ዕድሜው ማንም ሳይነግርህ ይገባሃል።

ስለ ቅርስ ጥበቃ የሚጨነቁ ሰዎች ሥሩ ግንቡን ይጎዳል ይላሉ። እውነት አላቸው። ሥር ኖራን እየገፋ ድንጋይ ያላቅቃል። ይህ ግን ሥሩን ከፎቶ ለማጥፋት ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም የበለጠ ፎቶ ማንሳት ነው ያለብን። በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ቢነሳ ስንጥቁ የት ደረሰ የሚለውን የሚያሳየን ፎቶው ነው።

አንድ ነገር ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሙሽሮችን እዚያው መዋኛ ጊቢ አነሳኋቸው። ከኋላቸው አንድ ዛፍ አለ። ቅርንጫፉ ከሙሽራው ራስ በላይ የወጣ ይመስል ነበርና ቤት ገብቼ ዛፉን ከነሥሩ አጠፋሁት። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ማንም አይለየውም። አልበሙን ሳስረክብ የሙሽራው እናት ገጹን እየገለጡ መጡና እዚያች ፎቶ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ዛፉ የታለ?» አሉኝ።

ፎቶው እንዲያምር ብዬ እንዳጠፋሁት ነገርኳቸው።

«እኛ እኮ ለጥምቀት የምንቀመጠው እሱ ሥሩ ላይ ነው። ይሄን ልጅ አዝዬው ነበር እዚያ የምቀመጠው» አሉ። አልተቆጡም። ገጹን ገለጥ አድርገው ወደ ሌላው አለፉ።

ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ብሄድ ኖሮ ቅርንጫፉ ከራሱ ይለይ ነበር። ያ ሁሉ ማጥፋት የመጣው ሁለት እርምጃ ስላልተራመድኩ ነው። ለዚህ ነው ጸሐፊውን በኤዲት ከማጥፋት በፊት እግር አለ የምላቸው። ግንዱ ከሕንፃው ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ከታየ ወደ ጎን ፈቀቅ ይበሉ፤ በሁለቱ መሃል ትንሽ ሰማይ ይግባ። ቅርንጫፍ መስኮቱን ከጋረደ ጎንበስ ይበሉ። የቅርቡ ዛፍ ከሩቁ ሕንፃ ይልቅ በፍጥነት ቦታውን ስለሚለውጥ አንዳንዴ አንድ ክንድ ያህል መንቀሳቀስ ይበቃል።

ቤተ ክርስቲያን ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጸሐፊው በምሳሌነት የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ አንስተው ጽዶቹ አስቸጋሪ ናቸው ብለዋል። ጽድና ወይራ እኮ የዓጸዱ አካል ናቸው። በደቡብ ጎንደር የቀረው አገር በቀል ደን አብዛኛው ያለው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ከአውሮፕላን ሲታይ በታረሰው መሬት መሃል እንደ አረንጓዴ ደሴት ክብ ክብ ብሎ ይታያል፤ መሃሉ ላይ ጣሪያ አለ። ሰው ደኑን ያቆየው ለቤተ መቅደሱ ልብስ ነው ብሎ ነው። ልብሱን አውልቀን ፎቶ የምናነሳበት ምክንያት አይታየኝም። ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ብለው አባቶች ይተርካሉ። ንብና ዛፍ ደግሞ ጎረቤት ናቸው።

እዚያ ጊቢ እኔ ደጋግሜ የምቆመው ከበሩ ገባ ብዬ በጽዶቹ መካከል ነው። የሣር ክዳኑ በሁለት ግንዶች መሃል ይገባል። ግንዶቹ ጥቁር ናቸው፣ ክዳኑ ወርቃማ ቡናማ። ዙሪያውን ካለው አጥር 12 ግንቦች አንዱ ብቻ ከጥግ ብቅ ይላል። ሕንፃው ሙሉውን አይታይም። ግን ሰው ሲገባ የሚያየው ይህንኑ ነው። የጣና ሐይቁ ዘጌም እንደዚያው ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚደረሰው በቡናና በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በእግር ተጉዞ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ድንገት ነው የሚገለጠው። ፎቶውም ያንን መገለጥ ቢይዝ ነው ደስ የሚለኝ።

ወደ ሰፊ ሌንስ ልለፍ። ጸሐፊው 16 ወይም 20 ሚሊሜትር ሌንስ ይዘን እንድንጠጋ ይመክራሉ። ጠባብ ቦታ ላይ አማራጭ ሲጠፋ እኔም አደርገዋለሁ። እንደ ዋና ዘዴ ግን አልቀበለውም። ጠግተህ ካሜራህን ወደ ላይ ስታቀና ግንቡ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ኤዲት ፕሮግራም ታቀናዋለህ፤ እሺ። ሲቃና ግን የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፣ ጥራቱ ይሳሳል፣ ግራና ቀኙ ይቆረጣል። የፋሲል ግንብ ጉልላቶች እንደ እንቁላል የሚረዝሙት ለዚህ ነው። ዛፉም አብሮ ይለጠጣል።

የነገሥታቱ ጊቢ እኮ ጠባብ አይደለም። የውጭ አጥሩ ብቻ 900 ሜትር ይረዝማል። ወደ ኋላ መሄጃ አለ። ጠበብ ያለ እይታ ያለው 50 ወይም 85 ሚሊሜትር ሌንስ ይዞ መራቅ፣ ካሜራውን ወደ ላይ ሳያቀኑ ደልዳላ አድርጎ መያዝ። እንዲህ ሲሆን የግንቡ ማዕዘኖች ቀጥ ብለው ይቆማሉ። «ታዲያ ግማሹ ፍሬም መሬት ሆነ እኮ» የሚል ሰው ይኖራል። ትክክል፤ ዛፍ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ያንን የታችኛውን ባዶ ቦታ ሥሩ፣ ጥላው፣ የወደቀው ቅጠል ይሞላዋል። ከላይ ደግሞ ቅርንጫፍ ገብቶ ባዶውን ሰማይ ይቀንሰዋል።

ሲያቀኑም አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ መስመሩን ከግንቡ ማዕዘን እንጂ ከዛፍ ግንድ አይውሰዱ። ዛፍ ማጋደል ተፈጥሮው ነው። ብዙ ጀማሪዎች ግንዱን ሲያቀኑ ግንቡን ያዘማሉ።

የብርሃን ነገር ላይ ጸሐፊው ወርቃማው ሰዓት፣ ማለትም ማለዳና አመሻሽ፣ ብቻ ይላሉ። ይህ ምክር ሜዳ ላይ ለቆመ ሕንፃ ይሠራል። ዛፍ ውስጥ ግን ውኃ አያነሳም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ፀሐይ ከአድማሱ 10 ዲግሪ ስትሆን 15 ሜትር ቁመት ያለው ጽድ 85 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ስለዚህ ያ የሚወደደው ብርሃን ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ዛፎቹ ላይ ይቀራል። ማለዳ ፀሐይ እንደወጣች ዓጸዱ ውስጥ ብትገቡ የዛፎቹ ጫፍ በርቶ ሕንፃው ጨልሞ ነው የምታገኙት። ፀሐይዋ 45 ዲግሪ ስትደርስ የዛፉ ጥላ ከቁመቱ ጋር ይስተካከላል። ይህም እንደ ወሩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ባለው ጊዜ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የማነሳው በዚያ ሰዓት ነው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ጎንደር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትሆነው። በጥር ደግሞ በደቡብ በኩል ዘንበል ትላለች። ስለዚህ ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ ጥር ላይ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይውላል፤ ግንቦት ላይ ግን ቀትር እንኳ ብርሃን ያገኛል። ጎብኚው የሚመጣው ጥር ላይ ስለሆነ የአብዛኛው ሕንፃ ሰሜናዊ ፊት በፎቶ ጨለማ ሆኖ ቀርቷል። ከውጭ አገር የተቀዳ የብርሃን መመሪያ ይህን አይነግረንም።

ደመናን መፍራትም አያስፈልግም። ቀትር ላይ በቅጠል የሚያልፍ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ይረጫል፤ ያንን የሚያስተካክል ኤዲት እስካሁን አላየሁም። ደመና ሲሆን ነጠብጣቡ ይጠፋል። ክረምት ላይ ዝናብ ባባራ በ10 ደቂቃ ውስጥ ድንጋዩ ጠቁሮ፣ ቅጠሉ ታጥቦ፣ ሁለቱም ቀለማቸው ይጠልቃል። ሐምሌና ነሐሴ ለእኔ ከጥር ይበልጡብኛል። ሰማዩ ነጭ ከሆነ ብዙውን ከፍሬም አውጣው፤ ቀሪውን ቅርንጫፍ ይሸፍነው።

አሁን ወደ ኤዲቱ። ዋናው አለመግባባታችን እዚህ ነው።

አረንጓዴውን አድምቁ ይላሉ። የትኛውን አረንጓዴ? ጽድ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ትንሽ ሰማያዊ ያጠላበታል። የወይራ ቅጠል ከታች በኩል ብርማ ነው፤ ነፋስ ሲገለብጠው ዛፉ ሁሉ ይነጣል። ባሕር ዛፍ አመድማ ሰማያዊ ነው። ዋንዛ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ አረንጓዴው ሞቅ ያለ። ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) አንዴ ወደ ቀኝ ስትጎትተው አራቱም አንድ ይሆናሉ፣ የስታዲየም ሣር ይመስላሉ። ግንቡም ከጎናቸው ይደበዝዛል፤ ዓይን ወደ ደማቁ ነውና የሚሄደው። ሕንፃውን ለማጉላት ብለው ራሳቸው ዛፉን አነገሡት ማለት ነው።

እኔ ተቃራኒውን አደርጋለሁ። በካሜራ የሚገባ የቅጠል ቀለም አብዛኛው የሚቀመጠው ቢጫው ውስጥ እንጂ አረንጓዴው ውስጥ አይደለም። ስለዚህ የቢጫውን ሳቹሬሽን ከ10 እስከ 20 እቀንሳለሁ፣ ቀለሙንም ትንሽ ወደ አረንጓዴ እገፋዋለሁ። የቅጠሉን ብርሃን ዝቅ አደርጋለሁ። ያን ጊዜ ቡናማው ድንጋይ ምንም ሳይነካ ወደ ፊት ይመጣል። ከዚያ በፊት ግን ገና ፎቶውን ሳነሳ ፖላራይዘር የሚባለውን ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ ሌንሱ ላይ እገጥማለሁ። ከቅጠሉ ላይ ነጩን ነጸብራቅ ስለሚያነሳ እውነተኛው ቀለም ይወጣል። የቆርቆሮ ጣሪያን ግን አያስተካክልም፤ ከብረት ላይ የሚነሳ ነጸብራቅ በፖላራይዘር አይጠፋም። ለቆርቆሮ መፍትሔው ደመና መጠበቅ ነው።

ጸሐፊው ያላነሱት ሌላ ችግር አለ። በዛፍ ሥር ያለ ግድግዳ በቅጠል የተጣራ ብርሃን ስለሚያገኝ አረንጓዴ ያጠላበታል። ኖራ ሲሆን ደግሞ የታመመ ሰው ፊት ይመስላል። ብዙዎች የፎቶውን ጠቅላላ ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) ሲያስተካክሉ ዛፉና ሰማዩ ይቀላል። ግድግዳውን ብቻ በብሩሽ መርጦ ትንሽ ወደ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ) መግፋት ይበቃል። ስናፕሲድ በሚባለው የስልክ መተግበሪያም ከፊሉን ብቻ መርጦ መሥራት ይቻላል።

የጠርዞችን ልዩነት የሚያጎላው ክላሪቲ ድንጋይ ላይ ያምራል፤ በዚህ እስማማለሁ። ቅጠል ላይ ሲያርፍ ግን እያንዳንዱ ቅጠል ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ያወጣል። ድንጋዩን ብቻ ይምረጡ። ጥላውን የሚያበራውን ሻዶውንም ጥግ ድረስ አያንሱት። ከዛፉ ሥር ያለው ጨለማ ነው ግንቡን ወደ ኋላ የሚያርቀው።

ሰማይ መቀየር ላይ በፍጹም አልስማማም። በዘዴ ደረጃ ብቻ ብናየው እንኳ ጽድ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ክፍተት አለ፣ በየክፍተቱም የድሮው ሰማይ ይቀራል። አዲሱ ሰማይ ብርቱካናማ ሆኖ ቅጠሎቹ መሃል አመድማ ነጥቦች ይታያሉ። ጥላው በግራ ወድቆ የተለጠፈችው ፀሐይም በግራ ስትወጣ አይቻለሁ። ከዚህ በላይ ግን የጎንደር ሰማይ የራሱ መልክ አለው። የኅዳር ሰማይ ጥርት ያለ ነው፣ የግንቦት አቧራማ፣ የነሐሴ ከባድ። ፎቶውን ያየ የአገሬው ሰው ወሩን ማወቅ አለበት።

የመጨረሻው ነጥባቸው ቱሪዝም ነው። የጸዳ ፎቶ ጎብኚ ያመጣል ይላሉ። ያ ጎብኚ መጥቶ ፎቶው ላይ ያላየውን ዛፍ ሲያገኝ ምን ይሰማዋል? እኔ ግን ከጎብኚው ይልቅ የሚያሳስበኝ ከ100 ዓመት በኋላ የሚያየው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። በመንገዳቸው ተራራውን፣ ሸለቆውን፣ ሰፈሩን አነሱ። ከ140 ዓመት በኋላ የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ያው ቦታ ላይ ቆመው ደግመው አነሱት። ሁለቱን ሲያስተያዩ በብዙ ቦታ ዛፉ ከ1868ቱ ይልቅ በርክቶ አገኙት። ሰሜን ኢትዮጵያ ድሮ ሙሉ ደን ነበረ፣ በእኛ ዘመን ተራቆተ የሚለውን ወሬ ያናጋ ግኝት ነው። ያ ፎቶ አንሺ እይታ ጋረደብኝ ብሎ ዛፍ ፍቆ፣ ወይም አገሩ ደረቀብኝ ብሎ ዛፍ ስሎ ቢሆን ኖሮ ምን ማስረጃ ይገኝ ነበር?

እንጦጦም እንዲሁ ነው። የአፄ ምኒልክ የድሮ ቤተ መንግሥት ዛሬ በባሕር ዛፍ ተከቦ ነው የሚታየው። ባሕር ዛፉ በእሳቸው ዘመን የገባው የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ስላለቀ ነው። ሕንፃውና ዛፉ የአንድ ታሪክ ሁለት ወገን ናቸው። የፋሲል ግንብም በቅርቡ ሰፊ እድሳት ተደርጎለት መልኩ ተለውጧል። ከእድሳቱ በፊት ያነሳናቸው ፎቶዎች፣ የበቀለው ሣር፣ ድንጋዩ ላይ የተጣበቀው ሽበት፣ ዛሬ ሌላ ቦታ አይገኙም። ያንን ሣር በኤዲት አጥፍቶ ዋናውን ፋይል የሰረዘ ሰው ምን ያህል እንደሚጸጽተው አስባለሁ።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትንም ልናገር። በሮው (RAW)፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ፋይል፣ ፎቶ እናንሳ ማለታቸው ልክ ነው። የመብራት ሽቦ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ለበዓል ተሰቅሎ የቀረ ባነር ይጥፋ ብለዋል፤ እኔም ፎቶ ከማንሳቴ በፊት ፕላስቲኩን በእጄ እለቅማለሁ፣ ሽቦውንም አጠፋለሁ። ሽቦው ነገ ሊነሳ ይችላል። ያ ዛፍ ግን እኔም እሳቸውም ሳንወለድ እዚያው አጥር ላይ ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የመዋኛው ፎቶ በጣም ጥሩ ሰዓት ላይ የተነሳ ነው። ውኃው ረግቷል፤ አቀማመጡም አምሮኛል። ዋናው ፋይል ካልጠፋ ዛፉ ካለበት ጋር ቢያወጡልን፣ እኔ መጀመሪያ ከሚያዩት ሰዎች አንዱ እሆናለሁ። ለእኚያ እናትም አሳያቸዋለሁ።